ካሜራውን ትተን መስመሩን እንይ፦ ስለ ቪዲዮ ስብሰባ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ቢዝነስ ቪዲዮ ኮንፈረንስ አመጣጥ የሚተርክ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔም ከየአቅጣጫው ደረሰኝ። አጻጻፉ ደስ ይላል። ታሪኩ ግን ብዙ ቦታ ላይ ተገልብጧል። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ የቪዲዮ ስብሰባ የተወለደው በኮቪድ ጊዜ በዙም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሙከራዎች የከሸፉት ሰው መታየት ስላልፈለገ ነው። በመሃል የመጡት ውድ የስብሰባ ክፍሎች የሀብታም ድርጅቶች ጉራ ነበሩ። ስካይፕን የገደለው ስንፍና ነው። እኛ አገር ከዙም በፊት ምንም አልነበረም። ወደፊት ደግሞ ቢሮ የሚባል ነገር ስለሚጠፋ ድርጅቶች ከአሁኑ 4ኬ ካሜራ ይግዙ።

ጸሐፊው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካሜራውን እያዩ መስመሩን ረስተውታል። ምስል ማንሳት ድሮም ይቻል ነበር። ያስቸገረው ምስሉን ኪስ በማይጎዳ ዋጋ ወዲያኛው ጫፍ ማድረስ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ከልደቱ እንጀምር። ዙም የተመሠረተው በ2011 ነው። መሥራቹ ኤሪክ ዩዋን ቀደም ሲል ዌብኤክስ የሚባል የኢንተርኔት ስብሰባ ኩባንያ ውስጥ ለዓመታት ሠርቷል። ዌብኤክስን ሲስኮ በ2007 በ3.2 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ይህ ብቻውን በዘርፉ ከኮቪድ በፊት ምን ያህል ገንዘብ ይንቀሳቀስ እንደነበር ይነግረናል። ዙም በ2013 ለሕዝብ ተከፈተ። በኤፕሪል 2019 አክሲዮኑ ገበያ ላይ ዋለ። ወረርሽኙ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዲሴምበር 2019 በቀን 10 ሚሊዮን የነበረው የተሰብሳቢ ቁጥር በኤፕሪል 2020 ወደ 300 ሚሊዮን ዘለለ። እግረ መንገዴን፣ ጸሐፊው "300 ሚሊዮን ሰው" ያሉት ልክ አይደለም። ኩባንያው ራሱ በኋላ አርሞታል። በቀን አምስት ስብሰባ የገባ ሰው አምስት ጊዜ ነው የሚቆጠረው።

ሐሳቡማ ከዚያም በጣም ይቀድማል። በኤፕሪል 1927 የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች ኒውዮርክ ተቀምጠው ዋሽንግተን ያለውን የንግድ ሚኒስትር ኸርበርት ሁቨርን እያዩ አነጋገሩት። እሱ ግን አላያቸውም። ምስሉ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር። በ1936 በርሊንና ላይፕዚግ ውስጥ ፖስታ ቤት ሄዶ እየተያዩ መነጋገር ተቻለ። በጦርነቱ ጊዜ ተዘጋ።

በደንብ የምንለያየው ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነው። ጸሐፊው በማስረጃነት የሚያነሡት ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለውን የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ባለምስል ስልክ፣ ፒክቸርፎንን ነው። በ1964 በኒውዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየ። በዚያው ዓመት በኒውዮርክ፣ በዋሽንግተንና በቺካጎ የሕዝብ መደወያ ክፍሎች ተከፈቱ። በጁን 1970 መጨረሻ ፒትስበርግ ውስጥ ለቢሮዎች መከራየት ጀመረ። የከተማዋ ከንቲባ ፒት ፍላሀርቲ የአልኮአ ኩባንያ ሊቀመንበር ወደነበረው ጆን ሃርፐር ደውሎ መረቀው። በ1980 አንድ ሚሊዮን መሣሪያ ሥራ ላይ ይውላል ተብሎም ተተንብዮ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነገሩ ቀረ። ጸሐፊው ይህን ሁሉ "ሰው ቤቱ ሆኖ መታየት አልፈለገም" በሚል አንድ መስመር ይዘጉታል።

እስኪ ዋጋውን እንየው። በ1964 በእነዚያ ክፍሎች ሦስት ደቂቃ ለመነጋገር እንደ ርቀቱ ከ16 እስከ 27 ዶላር ይከፈል ነበር። ያኔ የአሜሪካ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ሦስት ደቂቃ ለመተያየት ከ13 ሰዓት ገደማ ሥራ ጀምሮ ይጠይቃል ማለት ነው። በዚያ ላይ ቀጠሮ መያዝ አለብህ። የምታነጋግረው ሰውም በዚያው ሰዓት ሌላኛው ከተማ ያለው ክፍል ውስጥ መገኘት አለበት። ይህን የማያደርግ ሰው ዓይን አፋር ይባላል?

የፒትስበርጉ ደግሞ በወር 160 ዶላር ነበር። ለዚያ የሚፈቀደው 30 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ በየደቂቃው 25 ሳንቲም ይጨመራል። አገልግሎቱ ሲጀመር ስምንት ድርጅቶች ውስጥ የተተከሉ 38 መሣሪያዎች ብቻ ነበሩ። አንተ የአንዱ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነህ እንበል። መሣሪያው ጠረጴዛህ ላይ አለ። ማን ጋ ትደውላለህ? ደንበኛህ የለውም። አቅራቢህ የለውም። ባንክህም የለውም። እነሱም ቢገዙት የሚደውሉለት ሰው የለም።

ዋጋው ለምን አይቀንስም ነበር? ድምፅ በዲጂታል መስመር ሲሄድ በሰከንድ 64 ሺህ ቢት (ቢት የዲጂታል መረጃ ትንሹ መለኪያ ነው) ይበቃዋል። የፒክቸርፎን ምስል በዲጂታል መስመር እንዲሄድ የታቀደው በ6.3 ሚሊዮን ቢት ነበር። አንድ ሰው ፊቱን ሲያሳይ መቶ ሰው ስልክ የሚያወራበትን ቦታ ይይዛል። ኩባንያው ዋጋውን ቢያወርድ ይከስራል፤ ባያወርድ ደንበኛ አያገኝም። ይህን ቋጠሮ ካሜራ ማሻሻል አይፈታውም። እርግጥ ነው፣ በኤግዚቢሽኑ የሞከሩት ሰዎችም መሣሪያው አስቸጋሪ ነው፣ ምስሉም ትንሽ ነው ብለዋል። ዛሬም ስብሰባ ላይ ካሜራውን የሚያጠፋ ሞልቷል። ግን ሰው በባሕርዩ መታየት የማይፈልግ ከሆነ፣ ስካይፕ በ2006 ቪዲዮን በነፃ ሲያመጣ ዓለም በአንድ ሌሊት ማፈሩን ተወ ልንል ነው?

ጸሐፊው ከፒትስበርግ ተነሥተው በአንድ ዝላይ ስካይፕ ላይ ያርፋሉ። የዘለሉት ሠላሳ ዓመት ግን ዋናው ታሪክ ነው።

በ1974 ናሲር አህመድ የተባለ የሕንድ ተወላጅ መሐንዲስ ከናታራጃንና ከራኦ ጋር አንድ አጭር ጥናት አሳተመ። ምስልን በትናንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ፣ ዓይን የማያስተውለውን ዝርዝር ለመጣል የሚያመች የሒሳብ ዘዴ ነው። ለዚህ ሐሳብ ከአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ ጠይቆ አልተሰጠውም። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለው የጄፔግ ፎቶ የሚታመቀው በዚሁ ዘዴ ነው። ሁለተኛው ብልሃት ለውጡን ብቻ መላክ ነው። አብሮህ የሚውል ጓደኛ ትናንት ያወራህን ዛሬ ከሀ ጀምሮ አይደግምልህም። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ብቻ ይነግርሃል። ኮዴክ የሚባለው የቪዲዮ ማመቂያም እንደዚያ ነው። ከጀርባህ ያለው ግድግዳ እስካልተንቀሳቀሰ ድረስ እንደ አዲስ አይልከውም። እጁን እያወናጨፈ የሚያወራ ሰው ምስሉ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው። ለውጡ ሲበዛ መስመሩ አይችለውም።

የዚያን ዘመን የስብሰባ ምስል 352 በ288 ነጥብ ነበር። ዛሬ እንስቅበታለን። ያም ሆኖ ሳይታመቅ ቢላክ በሰከንድ 36 ሚሊዮን ቢት ያህል ይሆናል። ቢሮዎች ያገኙት የነበረው አይኤስዲኤን የሚባለው ዲጂታል የስልክ መስመር ደግሞ 128 ሺህ ቢት ነው። ሦስቱን አጣምሮ 384 ሺህ ይገኛል። ምስሉ ወደ አንድ መቶኛው ገደማ መውረድ ነበረበት። ይህን ማድረግ ለማሽኖቹ ከባድ ሥራ ነበር። በ1982 ኮምፕሬሽን ላብስ የተባለው ኩባንያ ያወጣው መሣሪያ ወደ 250 ሺህ ዶላር ይሸጥ ነበር። የመስመሩ ኪራይም በሰዓት አንድ ሺህ ዶላር ገደማ ነው። በ1984 ሁለት የኤምአይቲ ተማሪዎች ከፕሮፌሰራቸው ጋር ሆነው በኋላ ፒክቸርቴል የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው መውረድ ጀመረ።

ለእኔ ግን ከሁሉ ትልቁ ዓመት 1990 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ አምራች የራሱ ዘዴ ነበረው። የአንዱን መሣሪያ የገዛ ድርጅት የሌላውን ከገዛው ጋር መነጋገር አይችልም። በ1990 በዓለም ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በኩል ኤች.261 የተባለው የማመቂያ ደንብና ኤች.320 የተባለው አጠቃላይ ስምምነት ጸደቁ። የፒክቸርፎን ጥያቄ፣ ማን ጋ ትደውላለህ የሚለው፣ መልስ ማግኘት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ይህን ያደረጉት ጄኔቫ ላይ ስለ ቢት አደራደር ሲከራከሩ የነበሩ የኮሚቴ ሰዎች ናቸው። ፎቷቸው የትም አይወጣም። በጸሐፊው ታሪክ ውስጥም አንድ ቃል አላገኙም።

የሚገርመው፣ ዛሬ በዚህ በኩል ወደ ኋላ የተመለስን ይመስለኛል። ቲምስ የተባለው የማይክሮሶፍት የስብሰባ መተግበሪያ ተጠቃሚ ከራሱ መተግበሪያ ሆኖ የዙም ተጠቃሚን እንደ ስልክ በቀጥታ አይጠራውም። ሁሉም አጥሩን አጥሯል። የማይታወቀን ሊንክ ስለሚላክልን ነው። ተጭነን በብራውዘር እንገባለን። ለዚህም ቢሆን የምናመሰግነው ሌላ ሥራ አለ። ጉግል በ2010 የድምፅና የምስል ሶፍትዌር የሚሠራ ጂአይፒኤስ የተባለ ኩባንያ በ68 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ፣ በ2011 ኮዱን ዌብአርቲሲ በሚል ስም ለሁሉም ክፍት አደረገው። ብራውዘር ውስጥ ምንም ሳይጫን መተያየት የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለ ውድ ክፍሎቹ በግማሽ እስማማለሁ። የኮምፒውተር አምራቹ ኤችፒ በ2005 መጨረሻ ከፊልም ሠሪው ድሪምወርክስ ጋር ሆኖ ያመጣው ሃሎ የተባለው ክፍል ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ሲስኮ በ2006 ሦስት ትልልቅ ስክሪን ያለውን ክፍል በ299 ሺህ ዶላር ሸጧል። ጉራ አልነበረበትም አልልም። ኤችፒም በ2011 ይህን ሥራውን በ89 ሚሊዮን ዶላር ለስብሰባ መሣሪያ አምራቹ ፖሊኮም ሸጦ ወጣ። ግን እነዚያ ክፍሎች ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች የሚያደንቁት የምስሉን ጥራት ብቻ አልነበረም። ድምፁ ከሚናገረው ሰው በኩል ይመጣል። ሰውየው በተፈጥሮ ቁመናው ይታያል። መዘግየት የለም ማለት ይቻላል። ሰው ሳይነጣጠቅ ተራ በተራ ማውራት የሚችለው ይህ ሲሟላ ነው። ለዚያ ያስፈለገው የተለየ መስመር ነው። በየወሩ ለመስመሩ ብቻ የሚከፈለው ብዙ ሺህ ዶላር ነበር።

ስካይፕን ስንፍና ገደለው የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። በ2003 ሲወጣ ጥሪውን የሚያስተላልፍ ትልቅ የኮምፒውተር ማዕከል አልነበረውም። የተጠቃሚዎቹን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ አገናኝቶ ይሠራ ነበር። ነፃ መሆን የቻለው በዚህ ነው። ይኸው ጥበብ በኋላ ሸክም ሆነበት። በዲሴምበር 2010 ብዙዎቹ አገናኝ ኮምፒውተሮች ሲወድቁ አገልግሎቱ በዓለም ዙሪያ ተቋረጠ። ከዚያ ሰው ወደ ሞባይል ገባ። ስልክ ደግሞ ባትሪውን ጨርሶ የሌላ ሰው ጥሪ ሊያስተላልፍ አይችልም። ማይክሮሶፍት በ2011 በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ አሠራሩን ወደ ራሱ ማዕከላት አዞረው። በ2017 ግን ቲምስን አወጣ። ባለቤቱ ሁለት ልጅ ወልዶ አንዱን መረጠ። ስካይፕ በሜይ 2025 ተዘጋ።

አምስተኛው ነጥብ ትንሽ አናዶኛል። እኛ አገር ከዙም በፊት ምንም አልነበረም? "ዛሬ በፕላዝማ ስብሰባ አለ" የሚለውን ያልሰማ የመንግሥት ሠራተኛ አለ? ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት የመገናኛ መረብ የተዘረጋው ዙም ከመመሥረቱ ዓመታት ቀድሞ ነው። ከ500 በላይ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ለማገናኘት ታስቦ፣ አንዱ ዋና ሥራው የቪዲዮ ስብሰባ ነበር። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በክልል ያሉ ባለጉዳዮችን አዲስ አበባ ሳያመላልስ በፕላዝማ ያከራክር ነበር። በ2007 ደግሞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሕንድ መንግሥት ፕሮጀክት ሃይደራባድ ካለው ኬር ሆስፒታል ጋር ተገናኝቶ ሐኪሞች በርቀት ይመካከሩ ጀመር።

ጥሩ ይሠራ ነበር ወይ? ያ ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም መስመሩ ጋ ይወስደናል። ብዙው ወረዳ የተገናኘው በሳተላይት ነው። ሳተላይቱ ያለው ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ድምፅህ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ሲመለስ 72 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በብርሃን ፍጥነት እንኳ ይህ ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። ከወረዳ ወደ ወረዳ ከሆነ መጀመሪያ አዲስ አበባ ወርዶ እንደገና ይወጣል፤ ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ነው። መልሱ ሲመለስ ደግሞ ያው። የዓለም ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ከአፍ ተነሥቶ ጆሮ እስኪደርስ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ጥሩ ነው ይላል። እንግዲህ ሰብሳቢው "ይሰማል?" ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ ሲዘገይበት "አይሰማም እንዴ?" ብሎ ሲደግም፣ ያኔ የመጀመሪያው "ይሰማል" ሲደርስ የሚፈጠረውን ትርምስ አስቡት። የባለሙያ ድክመት ተብሎ ስንቱ ተወቅሷል። ማሽኑ ሁሉ ደህና ሆኖ ርቀቱ ብቻ ይህን ያደርጋል።

ዙም በእኛ ዘንድ የተለመደው በ2020 መሆኑን አልክድም። በዚያ ዓመት ጁን ላይ የኢትዮጵያ፣ የግብፅና የሱዳን የውሃ ሚኒስትሮች ስለ ህዳሴ ግድብ የተደራደሩት በቪዲዮ ነው። ጁን 26 መሪዎቹም በሲሪል ራማፎሳ ሰብሳቢነት በቪዲዮ ተገናኝተዋል። ከዚያ በፊት ግን ቤተሰብ በኢሞና በቫይበር ይተያይ ነበር። ጸሐፊው "ቴክኖሎጂው ድንበር የለውም" ያሉትን ደግሞ ዱባይ ያሉ እህቶቻችን ይጠይቋቸው። እዚያ የዋትስአፕ ጥሪ ለዓመታት ታግዷል። ቦቲምን የመሳሰሉ ፈቃድ ያላቸውን መተግበሪያዎች መጠቀም ግድ ነው። በኮቪድ ጊዜ እነ ዙምና ቲምስ ሲፈቀዱ አንድም አዲስ ነገር አልተፈለሰፈም። የተለወጠው ፈቃዱ ነው።

ቢሮ ይጠፋል የሚለው ትንቢት አዲስ አይደለም። ጃክ ናይልስ የተባለው አሜሪካዊ በ1973 ሠራተኛው ቢሮ ከሚመላለስ ሥራው በስልክ መስመር ይመላለስ የሚለውን ሐሳብ አቅርቧል። ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ፣ በኦገስት 2023 ዙም ራሱ ከቢሮው 80 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የሚኖሩ ሠራተኞቹን በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮ ግቡ አላቸው። ከዚህ የበለጠ መልስ የምሰጥ አይመስለኝም።

የቀረው የካሜራው ምክር ነው። ስብሰባ ላይ 1080ፒ የሚባለውን ምስል ለመቀበል ብቻ በሰከንድ 3 እና 4 ሚሊዮን ቢት መሃል ያስፈልጋል። 4ኬ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ድምፅ ከ100 ሺህ ቢት በታች ይበቃዋል። ምስሉ ቢቆም ስብሰባው ይቀጥላል። ድምፁ ከተቆራረጠ ግን ሰው ተስፋ ቆርጦ ስልክ ይደውላል። ደግሞ የብዙ ቢሮዎቻችን የስብሰባ ክፍል መስታወትና ሴራሚክ ነው። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ይጋጫል። አንድ ላፕቶፕ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስቀምጦ አሥር ሰው ዙሪያውን ሲያወራ ወዲያ ማዶ የሚሰማው ጉርምርምታ ነው። ሁለተኛ ላፕቶፕ ማይኩን ከፍቶ ከተጨመረ ደግሞ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል።

በጀት ይዘው ለሚጠይቁኝ ድርጅቶች የምለው ይህን ነው። መጀመሪያ ማሚቶ የሚያጠፋ የጠረጴዛ ማይክና ስፒከር ይግዙ። ክፍሉ ላይ መጋረጃና ምንጣፍ ያድርጉ። ከራውተሩ እስከ ስብሰባ ክፍሉ ዋይፋይ ሳይሆን ገመድ ይዘርጉ። መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚይዝ ዩፒኤስ ያስገቡ። ካሜራው እስከዚያ የላፕቶፑ ይበቃል።